የልብስ ሰፊው ንድፍ እና የጥይት ዲናሞ

«አሁን ምን ይሰማሻል?» አለ አባቷ ከወንበሩ ላይ።

«የጥፍሬ መነቀል» አለች መርፌ ከሞተሩ ውስጥ።

ቀኝ እጇ እስከ ብብቷ ድረስ በሞተሩና በመኪናው የጎን ብረት መካከል ገብቶ ጠፍቷል። ጉንጯ ቀዝቃዛ ቱቦ ላይ ተለጥፏል። ክፍተቱ አራት ጣት ቢሆን ነው። መኪናዋን የሠሩት መሐንዲሶች የሁለት መቶ ሰባ ፈረስ ጉልበት እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ሲጠቀጥቁ፣ አንድ ቀን የሰው እጅ ይገባል ብለው ለአፍታ እንኳ አላሰቡም። አሥራ አምስት ዓመት የሞላት፣ ክንዷ ከመጥረጊያ እንጨት የማይወፍር ልጅ በዓለም ላይ እንዳለች ማን ይንገራቸው? መርፌ የሚለውን ስም ያወጣላት ልብስ ሰፊው አባቷ ነው። በመዝገብ ስሟ የሚጠሯት አስተማሪዎቿ ብቻ ናቸው፤ እነሱም ሲቆጡ።

መኪናዋ ደግሞ ጥይት ትባላለች። ሁለት በር፣ ቱርቦ ያላት፣ ድሮ ቀይ የነበረች፣ አሁን ግን ፀሐይ ልሷት የድንች ልጣጭ የመሰለች። የሄደችው አራት መቶ ሰማንያ ሰባት ሺህ ኪሎ ሜትር ነው። አባቷ ለደንበኞቹ ሁሉ «ጨረቃ ደርሳ መመለስ ጀምራለች» ይላል፤ የመርፌ የፊዚክስ መምህርት አንድ ቀን ተናድዳ ሰሌዳ ላይ ብታሰላው እውነት ሆኖ አገኘችው። ከአባቷ ወሬዎች መካከል በሂሳብ የተረጋገጠው ይኸው አንድ ነው።

ከሦስት ሳምንት በፊት ጥይት የግቢውን በር እያለፈች ሳለ ዳሽቦርዱ ላይ የባትሪ ምልክት ያላት ቀይ መብራት በራች። የፊት መብራቱ ደከመ፣ ዘፈኑ ተንገዳገደ፣ ከዚያ ሞተሩ ጸጥ አለ። ሞተሩ ሲዞር ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ተቃጥሏል። ጥይት በበሩና በቤቱ መካከል እንደ ቡሽ ተወትፋ ቀረች፤ የሚገባና የሚወጣ ሁሉ ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ በጎን ማለፍ ጀመረ። የአባቷ ወፋፍራም ደንበኞች መጥተው፣ በሩ ላይ ቆመው አስበው ተመለሱ።

እናቷ ነርስ ናት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ነጭ ጫማዋን ከፍ አድርጋ በጎን ገባች፣ በጎን ወጣች፣ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ቢጮኹበት የማይደነግጠው አባት ዝምታውን ግን መቋቋም አልቻለም። ራት ላይ ማንኪያውን አስቀመጠና ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ ጥይት በራሷ ሞተር ከበሩ ካልወጣች፣ ብረት ገዢውን በገዛ አፉ ጠርቶ በገዛ እጁ ገፍቶ እንደሚያስረክባት ማለ። እናቷ «ጥሩ» አለች። እንዳይደክም ብላም ለብረት ገዢው ያንኑ ምሽት ራሷ ደወለች።

ዲናሞ የሚጠግን አንድ ሰው በሰባት ቱታ ስፌት ለውጥ የታደሰ ዲናሞ ሰጣቸው። ሐሙስ ዕለት ግን አባቷ ለልጁ አንድ ነገር አሳያለሁ ብሎ ባትሪውን በአንድ እጁ ሊያነሣ ሲል ወገቡ ተያዘ። ከዚያ ወዲህ የሚሄደው እንደ መጋረጃ ማንጠልጠያ ተቆልምሞ ነው። እናም ቅዳሜ ጠዋት የስፌት ወንበሩን ወደ ግቢው አስወጥቶ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ፣ የጦር አዛዥ መስሎ ተቀመጠ።

በእግሩ ሥር ንድፉ ተዘርግቷል።

ስለዚህ ንድፍ ያልሰማ የሰፈር ሰው ካለ መስማት የተሳነው ነው። ከስምንት ዓመት በፊት አባቷ የጥይትን ቺንጋ፣ ማለትም ከሞተሩ ጎን ያሉትን ፑሌጃ የሚባሉ ስድስት ክብ ብረቶች ዞሮ የሚያሽከረክረውን ረጅም ጎማ፣ ሲቀይር ልብስ ሰፊ እንደሚያደርገው ልክ ወሰደ። ቺንጋውን ፈትቶ፣ ትልቅ ቡናማ የንድፍ ወረቀት አስገብቶ ፑሌጃዎቹ ላይ ለጠፈና በመዳፉ አሸው። ግራሶ የጠጡት ብረቶች እያንዳንዳቸው ጥቁር ክባቸውን አተሙበት። ቺንጋው በየት በኩል እንደሚያልፍም በዚያው ገጽ ላይ በጠመኔ አሰመረው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ንድፉ የስፌት ክፍሉ ግድግዳ ላይ እንደ ዲፕሎማ ተሰቅሎ ኖረ። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሰው ታሪኩን ሰምቶ ነው የሚሄደው።

ዛሬም የተፈታው ቡሎን ሁሉ በወረቀቱ ላይ በየቦታው ይሰካል። ላይኛው እዚህ፣ ታችኛው እዚያ። አሠራሩ በእውነት ያምር ነበር፤ አንዲት ዳዶ አልጠፋችም።

የጎረቤት ልጅና የክፍል ጓደኛዋ ሬዲዮ ስልኳን ይዛ መጥታለች። ከተወለደች አፏ ስላልተዘጋ ነው ሬዲዮ የተባለችው። ቺንጋው ከመውለቁ በፊት ፎቶ ላንሳው ብላ ነበር፤ የመርፌ አባት ግን እንደተሰደበ ሰው ቀና አለና፣ ወገቡ ስላልፈቀደለት መልሶ ጎበጠ።

«ፎቶ? ከዚህ ንድፍ ወዲያ ፎቶ?»

«ይቅርታ ጋሼ» አለች ሬዲዮ፤ ወደ መርፌም ዞራ «አባትሽ ግን አራዳ ናቸው እኮ» አለቻት ቀስ ብላ።

መርፌ የባትሪውን ነጋቲቭ ነቀለች። ቺንጋውን አወለቀች። ከባትሪ የሚመጣውን ወፍራም ገመድ ዳዶ ፈታች። ላይኛው ቡሎን በጨዋነት ወጣ። ታችኛው ግን ከጥይት ጋር አብሮ ጨረቃ ደርሶ የተመለሰ ነውና አልፈታም አለ። ቁልፉን በቧንቧ አስረዝማ፣ እግሯን መከላከያው ላይ ተክላ፣ ዓይኗ ሊፈርጥ እስኪደርስ ጎተተች። ሲላቀቅ የወጣው ጩኸት የሦስት ቤት ውሾችን አስነሣ። አሮጌውን ዲናሞ በሁለት እጇ ታቅፋ ከዚያች ጉድጓድ ስታወጣው፣ ሕፃን ያዋለደች ነበር የምትመስለው።

ብረት ገዢው በስምንት ሰዓት ደረሰ፤ ሁለት ሰዓት ቀድሞ። መኪናውን በሩ ፊት ለፊት አቆመና በጎን ገብቶ የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀመጠ። ብርቱካን መላጥ ጀመረ። ሃያ ዓመት የአውቶቡስ መካኒክ ሆኖ የሠራ፣ ቃላት እየቆጠበ የሚያወራ ሰው ነው። አባቷ የንድፉን ታሪክ ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገረው። ሰውየው ብርቱካኑን ጨርሶ ሁለተኛ አወጣ።

አዲሱ ዲናሞ ቦታው ላይ ሲገባ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ሁለቱም ቡሎኖች ገጥመዋል፣ ገመዱ ታስሯል። የቀረው ቺንጋው ብቻ ነው። ከላይ ሆኖ ፊት ለፊት ማየት አይቻልም፤ መርፌ ወረቀቱን አንዴ ታያለች፣ ከዚያ እጇን ከትታ በዳበሳ ታዞራለች። የታችኛውን ትልቅ ፑሌጃ፣ ከዚያ ወደ ግራ፣ ከዚያ በትንሿ ሥር፣ ከዚያ ወደ ላይ። የመጨረሻው ላይ ስትደርስ ቺንጋው ሁለት ጣት ጎደለው።

እንደገና ሞከረች። ሁለት ጣት።

አባቷ መሳብ ነው አለ፤ ጎማም እንደ ጨርቅ ይለጠጣል። ሳበች። አውራ ጣቷ ተላጠ እንጂ ቺንጋው ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ብረት ገዢው ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገረው፤ ቺንጋው የወለቀው ራሱ ከሆነ ያልተስማማው ዲናሞው ነው፣ ፑሌጃው ትልቅ ይሆናል አለ። የዲናሞ ጠጋኙ ሱቅ እስከ ሰኞ ዝግ ነው። መርፌ የአባቷን ሜትር ከአንገቱ ላይ መዝዛ የአሮጌውንና የአዲሱን ፑሌጃ ዙሪያ ለካች። በፀጉር ክር እንኳ አይበላለጡም።

«ልክ ነው» አለች። «ዲናሞው ልክ ነው።»

«እንግዲህ...» አለ አባቷ። ይህ ሰው ዓረፍተ ነገር ሲያቋርጥ መርፌ በሕይወቷ አይታ አታውቅም። ቀና ብላ አየችው። እሷን አይደለም የሚያየው፤ ጥይትን ነው። ጠመኔ የለመዱ ጣቶቹ የፊት ጎማውን ሽፋን በቀስታ ይዳብሱታል፣ ለደንበኛ ኮት አልብሶ ትከሻውን እንደሚያስተካክለው። በዚያች መኪና የኋላ መቀመጫ ላይ ነው መርፌ ሁለት ቀን ሆኗት ተጠቅልላ ከሆስፒታል ወደ ቤት የመጣችው። በኪሎ ሜትር መቁጠሪያው ነው ቁጥር የተማረችው። አባቷ እየተሰናበታት ነበር።

መርፌ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ስትቀመጥ ቀኝ እጇን ወረቀቱ ላይ ደገፍ አደረገች። ስታነሣው ሙሉ መዳፏ በግራሶ ታትሞ ቀረ፤ አምስት ጣት፣ ጥርት ብሎ። አባዬ ይቆጣኛል ብላ አየችው። ከዚያ ደግማ አየችው።

ቀኝ እጇን መዳፉን ወደ ራሷ አድርጋ ዘረጋች። አውራ ጣቷ ወደ ቀኝ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው አውራ ጣት ግን ወደ ግራ ነው።

እጅ የታተመው ወረቀቱን ነክቶ ነው። ፑሌጃዎቹስ? እነሱም ነክተውት ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው፣ ሕዝብ ያጨበጨበለት ገጽ፣ ሞተሩን ሲያይ የነበረው ገጽ ነው። ግራው ቀኝ ሆኗል፣ ቀኙ ግራ። አባቷ ኮት ሲቆርጥ ምልክቱን ሁልጊዜ በጨርቁ ጀርባ ላይ ነው የሚያደርገው፤ ከዚያ ይገለብጠዋል። ወረቀቱን ግን ረስቶ፣ ሳይገለብጥ ሰቀለው።

አፏን ከፈተች። «አባዬ፣ ንድፍህ የተገለበጠ ነው» ለማለት አንድ ትንፋሽ ብቻ ነበር የሚያስፈልጋት፤ እውነትም ነው፣ ፎቶውንም የከለከለው እሱ ነው። ግን ብረት ገዢው ሦስተኛ ብርቱካን ይዞ ተቀምጧል፣ የሬዲዮ ስልክ ቪዲዮ ይቀርጻል፣ አባቷም በስፌት ወንበሩ ላይ ተቆልምሞ የጎማውን ሽፋን ይዳብሳል። አፏን ዘጋችው።

«ሬዲዮ፣ ስልኩን አስቀምጪና ወረቀቱን ፀሐይ ላይ ያዥልኝ። ጀርባውን ወደ እኔ።»

«ጀርባውን? ምን ሆነሻል፣ በዚህ በኩል እኮ ምንም—»

«ሙድ ሳትይዢብኝ ያዥ።»

ሬዲዮ ያዘችው። የከሰዓቱ ፀሐይ በወረቀቱ አለፈና ክቦቹና የጠመኔው መስመር በሌላው ገጽ ላይ ደብዝዘው ብቅ አሉ። ሬዲዮ ወረቀቱን አየች፣ የጓደኛዋን መዳፍ አየች፣ ዓይኗ ፈጠጠ፣ እናም በታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አላለችም። አባቷ ምን እየተደረገ ነው ብሎ ሲጠይቅ መርፌ መስመሩ በፀሐይ ነው የሚታየኝ አለችው። እውነቷን ነው።

እጇን ከተተች። ከታችኛው ፑሌጃ ወደ ቀኝ። በትንሿ ሥር። ወደ ላይ። አሁን ቺንጋው እንደ ቀበቶ በየማለፊያው እየገባ ሄደ። የመጨረሻዋ ላይ ለማስገባት የቺንጋውን መወጠሪያ በረጅም ቁልፍ ወደ ታች መጫን ያስፈልጋል፤ የእሷ ደግሞ ሁለቱም እጆቿ ተይዘዋል። አባቷ ሊነሣ ሞክሮ ተመልሶ ወደቀ። ያኔ ብረት ገዢው ብርቱካኑን ባልዲው ላይ አስቀመጠ። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ቁልፉን ይዞ ተጫነው። ጥይትን ቆራርጦ ሊወስድ የመጣ ሰው ነው፤ ግን ሃያ ዓመት ሞተር የነካ እጅ ባልዲ ላይ ተቀምጦ ማየት አልቻለም። ቺንጋው ጠብ ብሎ ገባ።

ነጋቲቩ ታሰረ። ሌሊቱን ሲሞላ ያደረው ባትሪ የኤሌክትሪክ መለኪያው ቴስተር ላይ አሥራ ሁለት ነጥብ አምስት ቮልት አሳየ። አባቷ ጎንበስ ብሎ ዝቅተኛዋ መቀመጫ ውስጥ መግባት ስላልቻለ ቁልፉን ያዞረችው መርፌ ናት።

ጥይት አንዴ አስነጠሰች፣ ከዚያ ተነሣች። ድምጿ የቆርቆሮውን ጣሪያ አንቀጠቀጠ፣ ርግብ የተባለ ሁሉ ከሰባት ሰፈር በረረ፣ የጎረቤት ሕፃን ከእንቅልፉ ነቅቶ ሳቀ። ቀይዋ መብራት አንዴ ብልጭ አለችና ጠፋች። አባቷ ቴስተሩን ከባትሪው ላይ እያነበበ የልጁን የፈተና ውጤት እንደሚያይ ሰው ቁጥሩን በጣቱ ነካ አደረገው።

«አሥራ አራት ነጥብ ሁለት» አለ። «የፊት መብራቱን አብሪው እስቲ።» አበራች። «አሥራ አራት። አሥራ አራት ነው፣ አልወረደም።» በሃያ ደቂቃ ውስጥ ይህ ቁጥር በአጥር በኩል ለጎረቤት ሲነገር አሥራ ስምንት ደርሶ ነበር፤ እውነት ቢሆን ኖሮ ባትሪው ፈንድቶ ግቢውን ይዞ ይሄድ ነበር።

ብረት ገዢው ግን ወረቀቱን አንሥቶ ነበር። ንድፉን አየ፣ አንገቱን አስግጎ ሞተሩን አየ፣ መልሶ ንድፉን አየ። ቅንድቡ ቀስ እያለ ወደ ላይ ወጣ። አባቷ ይህን የአድናቆት ቅንድብ አድርጎ ወሰደውና ደረቱን ነፋ።

«ይቺ ንድፍ...» ብሎ ጀመረ ሰውየው።

«እሷን አይቼ ነው የገጠምኩት፣ ጋሼ» አለች መርፌ። ዓይኑን ትክ ብላ እያየች ነው ያለችው። «ከእሷ ሌላ ምንም አላየሁም።»

ሰውየው ቅንድቡን ወደ ቦታው መለሰ። ከዚያ ወረቀቱን እንደ ሙሽራ ልብስ በጥንቃቄ አጥፎ ለአባቷ ሰጠው።

«ዓይን አለሽ» አላት።

እናቷ ለአሥር አምስት ጉዳይ ሲል እንደ ልማዷ በጎን ገባች፤ ሞተሩን ስትሰማ በጎን እንደሆነች ቀረች። አባቷ ሥራው በአሥራ አራት ደቂቃ እንዳለቀ፣ ልጅቷም ዓይኗን ጨፍና እንደሠራችው ማስረዳት ጀመረ። እናቷ አልሰማችውም። ብረት ገዢው መኪናውን ከበሩ ፈቀቅ ሲያደርግላት ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ ወርውራ ገባች፣ ማርሽ አስገባች፣ ጥይትን ከበሩ አውጥታ መንገዱን ዞራ ጠፋች። ስትመለስ ፀጉሯ ተበታትኗል። ውጭ አጥሩ ጥግ አቆመቻትና በሰፊው በር ፊት ለፊት፣ እጆቿን እያወዛወዘች ገባች። ብረት ገዢውን በከንቱ በመምጣቱ ይቅርታ ጠየቀችው፤ እሱ ግን ውስጡ መዳብ አለ ብሎ አሮጌውን ዲናሞ በብብቱ ይዞ ወጣ። ከዚያ የመርፌን እጆች ያዘች፣ ገለባብጣ አየቻቸው፣ የተላጠውን አውራ ጣት አጥባ አሰረችው። ጨርሳም እጇን ወዲያው አልለቀቀችውም።

አመሻሹ ላይ አባቷ ንድፉን ወደ ቦታው ሊመልስ ስፌት ክፍል ገባ፤ መርፌም ልታግዘው ተከተለችው። ወረቀቱን ግድግዳው ላይ ዘረጋው። ከክቦቹ መሐል ያለችውን ጥቁር መዳፍ አሁን ነው ያያት።

«ይቺ እጅ ያንቺ ናት?»

«የኔ ናት።»

«ግራሽ።»

«ቀኜ» አለች መርፌ።

አባቷ የራሱን ቀኝ እጅ ከኅትመቱ አጠገብ አነሣ። መዳፉን አየ፣ ወረቀቱን አየ። ክቦቹን አንድ በአንድ በጣቱ ዞረ። ከዚያ የስፌት ማሽኑን ተደገፈ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። መርፌ ደነገጠች። ሲዞር ግን እየሳቀ ነው፤ ወገቡን ይዞ፣ «ኧረ ወገቤን» እያለ፣ እንባው እስኪወርድ።

«ስምንት ዓመት» አለ በመጨረሻ። «ስንት ሰው ሱሪውን ይዞ ቆሞ ሰማኝ! ማን ያውቃል?»

«እኔና ሬዲዮ። ብረት ገዢውም ሳያውቅ አልቀረም።»

«ሬዲዮ ካወቀች አለቀ፣ ዓለም አወቀ።»

«አትናገርም። ነግሬያታለሁ።»

አባቷ አያት፤ ሲለካት ነበር የሚመስለው፣ ከትከሻ እስከ እግር። ከዚያ እንደ ሁልጊዜው አምስት ስፒሎች በከንፈሩ ነክሶ ወረቀቱን በአንድ ጫፍ ያዘ፣ ሌላውን ጫፍ ለእሷ ሰጣት። አፉ በስፒል ስለተሞላ በቅንድቡ ነው የጠየቃት፦ በየት በኩል?

መርፌ አሰበች። ግራሶው ወደ ውጭ ከሆነ ነገ እጁን የሚከት ሁሉ ይሳሳታል። ባዶው ገጽ ወደ ውጭ ከሆነ ደግሞ አባቷ ሱሪ ሊያሳጥር ለመጣ ሰው የሚያሳየው ባዶ ቡናማ ወረቀት ነው። ወደ መንገዱ የሚያሳየውን ትልቅ የመስታወት መስኮት አየችው። ፀሐይ የመጨረሻ ብርሃኗን በእሱ በኩል እያስገባች ነበር።

ወረቀቱን ከግድግዳው ወሰደችና መስታወቱ ላይ ለጠፈችው፣ ጥቁሮቹ ክቦችና መዳፏ ወደ መንገዱ፣ ባዶው ገጽ ወደ ማሽኑ። ብርሃኑ ሲያልፍበት መስመሮቹ ከውስጥ በኩል፣ አባቷ ከሚቀመጥበት ወንበር ትይዩ፣ በትክክለኛ ቦታቸው ታዩ።

«ስፒል መስታወት አይወጋም፣ አባዬ» አለች በሁለት እጇ እንደያዘችው። «ፕላስተር ነው የምፈልገው።»

አባቷ ስፒሎቹን ከከንፈሩ አንድ በአንድ አወጣ። ትንሿ ትራስ ላይ ሰካቸው። ወገቡን ይዞ፣ ፕላስተር ሊፈልግ ሄደ።